የጫት አገር በጥቁርና ነጭ፤ በ«ፋያ ዳዪ» ላይ የቀረበ ሙግት

ጄሲካ በሽር በሐረርና በአወዳይ ዙሪያ ወደ ዐሥር ዓመት ያህል ስትቀርጸው ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2021 ለዓለም ያቀረበችው «ፋያ ዳዪ» የተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሰንዳንስ ከታየ በኋላ በስዊዘርላንድ በኒዮን ከተማ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ተቀብሏል፤ ለኦስካር ከታጩት የመጨረሻዎቹ 15 ዘጋቢ ፊልሞችም አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ኑሮው በጫት ላይ የቆመው የምዕራብ ሐረርጌ ሰውስ ይህን ሥራ እንዴት ሊመዝነው ይገባል? በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት የበደሳ ልጆች ተሟግተዋል፤ ፊተኛው ለፊልሙ ጥብቅና ይቆማል፣ ኋለኛው ይከሰዋል።

የፊተኛው ጸሐፊ፦ ማየት ከመፍረድ ይቀድማል

በጨርጨር ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ጫት ሁለት ዐይነት ስብከት ሲሰማ ኖሯል፤ አንዱ የትውልድ ጥፋት ነው ብሎ ያወግዘዋል፣ ሌላው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነው ብሎ ያወድሰዋል፤ ነገር ግን ገና ሳይነጋ ቅጠሉን የሚቀነጥሰውን እጅ፣ ዙርባውን የሚያስረውን ጣት፣ ከቀትር በኋላም በበርጫ ላይ ተቀምጦ ከገዛ ኅሊናው ጋር የሚነጋገረውን ሰው፣ ከሁለቱ ሰባኪዎች አንዱም ቀና ብሎ አላየውም። «ፋያ ዳዪ» ተንታኝ ሊቅ ሳያቆም፣ ቁጥርም ሳያስነብብ፣ ይህን ሳይታይ የኖረ ሰው በአርምሞ እንድንመለከተው ያደርገናል፤ ማኡል ሐያትን፣ ማለት የሕይወትን ውሃ፣ ፍለጋ የወጣውን የአዙርኸርላይኒን የሱፊ ትውፊትም ባሕር ማዶ መሻገርን ከሚያልመው ከዛሬው ወጣት ምኞት ጋር ያጋምደዋል።

ፊልሙ ይጎተታል የሚሉ አሉ። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ግድም ኀይሉን የሚያጣ ስለሆነ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅግጅጋና ወደ ጅቡቲ ሲበር፣ የቆረጠው ወጣት ግን ያለ ተስፋ እዚያው ቀርቶ መንገዱን ይመለከታል። ይህን የጥድፊያና የመቆም ተቃርኖ በሙሉ ልቡ ሊያስረዳ የሚሻ ፊልም፣ ጊዜን የሚያረዝመውን የምርቃናን ምት መከተሉና አንድን ነገር እንደ ዚክር ደጋግሞ መመለሱ ከባሕርዩ የመጣ ነው። ትዕግሥት ያለው ተመልካችም በዚያ ዝግታ ውስጥ የአባትና የልጅን ኀዘን፣ የተለዩ ፍቅረኞችን ተዘክሮ፣ የጠፋ ተስፋን ሐተታ ያገኛል።

ሌላም አለ። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ የሀገራችን ሲኒማ በአብዛኛው በአማርኛ ሲናገር ኖሮ፣ በዚህ ፊልም ግን ኦሮምኛውና ሐረሪው በገዛ ድምፃቸው ይሰማሉ። ድህነትን አስውቦ ለባዕድ ማሳየት ነው የሚለው ክስ ደግሞ አዲስ አይደለም፤ ሳትያጂት ሬይ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው በ«ፓተር ፓንቻሊ» ምክንያት የሕንድን ድህነት ለምዕራባውያን ይሸጣል ተብሎ፣ ዝነኛዋ ተዋናይት ናርጊስ እ.ኤ.አ. በ1980 የምክር ቤት አባል ሳለች ከሳዋለች፤ ፊልሙ ግን ክሱን አልፎ እስከ ዛሬ በክብር ይታያል።

የኋለኛው ጸሐፊ፦ ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው?

ወዳጄ ስለ ፊልሙ ውበት በተናገሩት አልሟገታቸውም፤ ዝግታውንም አልነቅፍም። የኔ ጥያቄ፣ ይህ ሁሉ ጭጋግና ጢስ ከዐይናችን የሚሰውረው ማንን ነው የሚል ነው።

ሉኪኖ ቪስኮንቲ የሲሲሊን ዓሣ አጥማጆች ያለ ሙያ ተዋናይ፣ ለሌላው ጣሊያናዊ እንኳ በሚከብደው በገዛ ልሳናቸው እያናገረ እ.ኤ.አ. በ1948 «ምድር ትንቀጠቀጣለች»ን ሲሠራ፣ ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ የሚረዝምና እያንዳንዱ ሥዕሉ እንደ ቅብ የተጠበበበት ሆኖ ሳለ፣ ዓሣውን በርካሽ የሚወስደው የጅምላ ነጋዴ ግን ከነሚዛኑ በፊታችን ይቆማል፤ ተመልካቹም ድኻው ለምን ድኻ እንደ ሆነ ሳያውቅ ከአዳራሹ አይወጣም። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማም፣ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው በጥቁርና ነጩ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በትዕግሥት ያስቀምጠናል፤ ነገር ግን ባለርስቱ ከደጁ ተቀምጦ ሲያዝና ሲሳደብ እናየዋለን፣ መሬቱን ተነጥቆ እብድ የተባለውን የከበበን ክስም እንሰማለን። እንግዲህ ዝግታና ውበት ከእውነተኛ ክስ ጋር አብረው መኖር እንደሚችሉ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ምስክር ናቸው።

የበደሳና የገለምሶ ምድር የሐረር ቡና የሚባለው የሚበቅልበት ነው። ገበሬው ከቡናው ዛፍ ከፊሉን ነቅሎ ጫት የተከለው ተመስጦን ፈልጎ ሳይሆን፣ የቡናው ዋጋ ሲወድቅና በሽታ ሲመታው፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚቆረጥና እጅ በእጅ ገንዘብ የሚያስገኝ ተክል ስላገኘ ነው። ከማሳው እስከ ገበያው ስንት ደላላ እንደሚቀበለው፣ በየኬላው ስንት እንደሚከፈልበት፣ ዙርባው ጅቡቲ ሲደርስ የሚያወጣው ዋጋ ከቆራጩ ዕለታዊ ደመወዝ ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ ፊልሙ በጉልህ አያስረዳንም፤ ስለዚህም የውጭው ተመልካች ጢሱን አድንቆ ይሄዳል፣ ሒሳቡን ግን የሚጠይቅ የለም። ሬይን በጠቀሱበት ነገርም፣ ናርጊስ ተሳስታ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የካልካታ ሕዝብ ያን ፊልም በገዛ ቋንቋው አዳራሽ ሞልቶ አይቶ ፈርዶበታል። የበደሳና የጭሮ ቆራጭ በአደባባይ ተሰብስቦ አይቶ የሚሰጠው ፍርድ እስካልተሰማ ድረስ፣ የኒዮን ሽልማት የባዕድ ምስክርነት ብቻ ነው።

የፊተኛው ጸሐፊ ምላሽ

የቪስኮንቲ ፊልም በኢጣሊያ ኮሚኒስት ፓርቲ ገንዘብ የተጀመረ ነበርና መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኃይሌም ባለርስቱን ያገኘው በአንድ ደጅ ላይ ተቀምጦ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬትን የሕዝብ ካደረገ ወዲህ ያ ደጅ ባዶ ሆኗል፤ የዛሬው ወጣት የሚጋፈጠው ኀይል በዝናብ እጦት፣ በገበያ፣ በድንበርና በአባቱ ምርቃና ውስጥ ተበታትኖ ስለሚኖር በአንድ ሰው ፊት ላይ ሊሣል አይቻልም። አንድ ከሳሽ አቁሞ አንድ ተከሳሽ ቢያመጣለት ፊልሙ ይዋሻል። ክሱን ጋዜጠኛውና የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሊጽፉት ይችላሉ፤ የዚያን ወጣት ውስጣዊ ሌሊት ለማሳየት ግን ከሲኒማ የተሻለ ጥበብ አላውቅም።

የኋለኛው ጸሐፊ ምላሽ

ባለርስቱ ሄዷል፤ ደላላው ግን ደጅ ባይኖረውም ስልክ አለው፣ ዋጋውንም በዚያው ይቆርጣል። የተበታተነ ኀይል የማይታይ ኀይል አይደለም፤ ለመከታተል ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው እንጂ፣ ወዳጄም ከሁሉ ይልቅ የሚያመሰግኑት ይህንኑ ትዕግሥት ነው። ጄሲካ በሽር በደርግ ዘመን በ16 ዓመቷ ከሐረር ወጥታ ተመልሳ ወደ ዐሥር ዓመት በካሜራዋ መቆየቷን አከብራለሁ፤ የናፍቆት ፊልም መሥራትም መብቷ ነው። እኔ የምጠይቀው ከእኛው መካከል የተነሣ ሌላ ፊልም ሠሪ፣ አንዲት ዙርባ ከበደሳ ማሳ ተቆርጣ ጅቡቲ እስክትደርስ ድረስ እየተከተለ፣ በየእጁ ስትገባ የተከፈለባትን ገንዘብ እንዲያሳየን ነው፤ በጥቁርና ነጭ ቢቀርጸውም፣ ሦስት ሰዓት ቢፈጅበትም፣ ቅሬታ የለኝም።