እውነት ይዞ የመጣውን አትምቱት

በየወረዳውና በየዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ አብረን ያረጀን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዝም ብዬ ብሞት ስለሚጸጽተኝ ልንገራችሁ። የጤና ጣቢያ ኃላፊውም ሆነ የቡድን መሪው አፈጻጸሙን በየወሩ አይከታተልም፣ ሪፖርት የሚልከው ተጎትጉቶ ነው እያላችሁ ታማርራላችሁ። እውነታችሁን ነው። ይህን ያስተማርነው ግን እኛው ነን።

ከዓመታት በፊት ለድጋፋዊ ክትትል አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ የእርግዝና ክትትል መዝገቡን ገለጥኩ። ለአራተኛ ጊዜ የታዩትን እናቶች በእርሳስ ጫፍ እየነካሁ ስቆጥር 31 ሆኑ። የተላከልን ሪፖርት 48 ይላል። ኃላፊው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ባለፈው ወር 29 ብዬ ልኬ በግምገማው ላይ የደረሰብኝን ያውቃሉ» አለኝ። አውቃለሁ። መድረኩን የመራሁት እኔ ነበርኩ።

17 እናቶች በወረቀት ላይ ታዩ፤ የደም ግፊታቸውን የለካላቸው ግን ማንም የለም።

በ2008 ዓ.ም. በተጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የመረጃ አብዮት ከአራቱ አጀንዳዎች አንዱ ነበር። የጤና መረጃ ሥርዓቱ ዲኤችአይኤስ 2 መጣ፤ በየጤና ተቋሙም በየወሩ የሚሰበሰብ የአፈጻጸም ክትትል ቡድን ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ፍርሃት ያስጻፈውን ቁጥር ኮምፒዩተር አያቃናውም፤ ፈጥኖ ወደ ላይ ያደርሰዋል እንጂ።

አስጠነቅቃችኋለሁ፦ ዝቅተኛ አፈጻጸሙን በቀይ ያሳየውን ሰው በመድረክ ካዋረዳችሁት በሚቀጥለው ወር ሁሉም አረንጓዴ ይሆንላችኋል። ያን ጊዜ ፍሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ደግሞ በሽታውን የሚደብቅ አመራር አፍርተናል።

የሪፖርት ወሩ በ20 ሲዘጋ፣ ሪፖርቱ ወደ ወረዳ ከመሄዱ በፊት ኃላፊው ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ መዝገቡን፣ የታሊ መቁጠሪያ ቅጹንና ሪፖርቱን ያስተያይ። 31 ብሎ የመጣውን «ምን ጎደለህ?» በሉት። አዋላጅ ነርስ ቢሆን፣ የደም ግፊት መለኪያ ቢሆን፣ የጎደለውን በአቅማችሁ ሙሉለት፤ የማትችሉትንም እንደማትችሉ ንገሩት። ቆጥሮ በማምጣቱ ሥራው ሲቃናለት ያየ ሰው ጎትጓች አያስፈልገውም።

እኔ ያንን ኃላፊ ይቅርታ ሳልጠይቀው ጡረታ ወጣሁ። እናንተ ገና ወንበሩ ላይ ናችሁ። በሚቀጥለው ግምገማ፣ ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ የተነሣውን ከሁሉ አስቀድማችሁ አድምጡት።