«በቅርብ ቀን!»

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። ይህን ያለው ሰው መቼም ሲሬን አያውቃትም! እኛ ዘንድ ቡሄ አልፎም ጉሙ ከደጃፍ አይነሳም፣ ጭቃውም ቦቲ ጫማ አያስወልቅም። መብራቱን ተዉት። ሰማይ አንዴ ካጉረመረመ ጠፋ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሰሞኑን ልቤ ያለው መስከረም ላይ ነው። ምክንያቱ አደይ አበባ አይደለም፣ ዶሮ ወጥም አይደለም (ዶሮማ በዛሬው ዋጋ ከሩቅ የሚሳለሙት ታቦት ሆኗል)። ምክንያቱ ቴሌቪዥን ነው።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ነሐሴ ሲገባ ጣቢያዎቹ ሁሉ አንድ አመል ያመጣሉ። ዜናው እንዳለቀ ድንገት ሙዚቃው ይደልቃል፣ አንዲት ቆንጆ ልጅ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ከመኪና ይወርዳል፣ የሆነ በር ድርግም ብሎ ይዘጋል። ከዚያ «በቅርብ ቀን!» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። መቼ? አይነግሩንም። ልጅቷስ ለምን አለቀሰች? እሱንም አይነግሩንም። እኛ ግን እንጠብቃለን። ቡና ላይ የጎረቤት ሴቶች ልጅቷን ያስለቀሳት ያ መነጽራሙ ነው፣ የለም አባቷ ነው እያሉ ገና ያልተጀመረውን ድራማ ከወዲሁ ይጨርሱታል።

በዚሁ ሰሞን ታዲያ ከአንዲት አንባቢዬ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከተማዋንም ስሟንም አልጠቅስም፤ ሩቅ አይደለችም። እንዲህ ትላለች፦

«ባለቤቴ መጥፎ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ እጁንም አያነሳብኝም። የእንግሊዝ ኳስ ሲጀመር ግን ሪሞቱ እጁ ላይ ይበቅላል። ድራማዬን ልይ ስለው ‘በስልክሽ እዪው’ ይለኛል። ስልክ አለኝ፣ ማየትም አያቅተኝም። ግን ብቻዬን ማየት አልወድም። አዲስ ድራማ በመስከረም ይጀምራል ብለው እያስተዋወቁ ስለሆነ ከአሁኑ መጨቃጨቅ ጀምረናል። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው ነገሩ የሪሞት ጠብ መሰለኝና የማውቀውን ልመክርሽ ተነሳሁ። ምክሩ እንዳይባክን እነሆ። የእንግሊዝ ሊግ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ ላይ ጀምሮ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ይህ ማለት ልክ በድራማው ወራት ላይ ተኝቷል። ሊጉ 20 ቡድን አለው፣ አንዱ ቡድን በዓመት የሚጫወተው ግን 38 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ባልሽን «የአንተ ቡድን የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂው። የእሱ ቡድን 38 ጨዋታ የተከበረ ይሁንለት፣ እንዲያውም ቆሎ ቁይለት። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ቡድኖች እርስ በርስ ሲራገጡ ግን ሪሞቱ ያንቺ ነው። ኳስ አፍቃሪ ሰው ሒሳብ ሲቀርብለት እሺ ይላል። ወንድሜ ላይ ሞክሬው ሠርቷል።

ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን «ብቻዬን ማየት አልወድም» የምትለዋ ላይ ቆምኩ። እህቴ፣ አንቺ ሪሞት አልጠየቅሽም። እስቲ የእኛን ቤት ልንገርሽ።

እናቴ እንደምትለው በልጅነቷ በሰፈሩ ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ቢጀምርም፣ ቆይቶም ባለ ቀለም ቢሆንም፣ እነሱ ሰፈር ቀለሙ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ልጆቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ መሬት ላይ ተደርድረው ነበር የሚያዩት። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ቦታ ለመያዝ ከቀትር ጀምሮ ይሄዳሉ። በኋላም አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ በበዓል ሲቀልዱ ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር ትላለች። ቀልዱን ጠይቂያት፣ አንዱንም አታስታውስም! ማን አጠገብ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን ማንን እንደቆነጠጠ ግን አንድ በአንድ ትነግርሻለች።

እኔ የደረስኩት «ሰው ለሰው» ላይ ነው። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ያ ድራማ ሲተላለፍ መንገዱ ጭር ይል ነበር። አበበ ባልቻ የሚጫወተውን አስናቀን ያልረገመ እናት አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና መጣና ቱርኮቹ አማርኛ ተናገሩ። የአገር ቤት አርቲስቶች ተቆጡ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ እኛ ግን አየን (እውነቱን እንነጋገር!)። ከዚያ ቻናሉ በዛ። በ2012 ዓ.ም. ጣቢያዎቹ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ የኛም ሰፈር ሰው ጣሪያ ላይ ወጣ። ዲሽ የሚያዞረው ልጅ ከላይ፣ እናቴ ከመስኮት፣ «መጣ! … ሄደ! … ኧረ መጣ ብዬሃለሁ!» ስትል ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።

ፊልም ከሆነ የኛ ነገር ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የታየው ወደኛ የሚመጣው በሲዲ ነበር፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን። ከዚሁ ከአርሲ የተነሳው ታሪክ እንኳ! «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻው በ1988 ዓ.ም. ግድም እዚሁ አርሲ ውስጥ የተጠለፈች ልጅ ጉዳይ ነው። ፊልሙን መጀመሪያ ያየው የሰንዳንስና የበርሊን ሰው ነው። ነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው አዳራሽ ከገባ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ፣ ቆይቶ ተፈቀደ። የኃይሌ ገብረሥላሴን ሕይወት የሚተርከው «ኢንዱራንስ»ም እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው የወጣው፤ እኔ ያየሁት አድጌ፣ በስልክ ነው። አሰላ እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆና!

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ታናሽ እህቴ ለመድረስ ነው።

በ2014 ዓ.ም. «እረኛዬ» በአርትስ ቲቪ ሲጀመር ሦስታችን አንድ ፍራሽ ላይ ሆነን ነበር የምናየው። ቅድስት ይልማ «ረቡኒ»ን የሠራች ጊዜ ጀምሮ እህቴ የእሷ ነገር አይሆንላትም። እናቴ ደግሞ ድርብወርቅ ሰይፉ ብቅ ስትል «ዝም በሉ!» ብላ ታስጠነቅቀናለች። መብራት ከጠፋ በማግስቱ ከዩቲዩብ አውርደን ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፈን እናያለን። ሦስት ጭንቅላት አንድ ስልክ ላይ። እህቴ መሐል ነበረች፣ ታናሽ ስለሆነች።

በቀጣዩ ዓመት ጅዳ ሄደች። በኤጀንሲ፣ ለሁለት ዓመት።

ማዳሟ ስልኳን የምትሰጣት ጁምዓ ከሰዓት ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በዚያች ሰዓት እናወራ የነበረው «በላሽ? ተኛሽ? አመመሽ?» ነው። ሦስቱም ጥያቄ መጨረሻው ለቅሶ ነው። እናቴ ታለቅሳለች፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ካርዱ ያልቃል። አንድ ቀን ግን ድንገት «ያ ድራማ ምን ደረሰ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ ድራማ ተራኪ ሆንኩ። እናቴም ከጎን «ረስተሽ ነው፣ መጀመሪያ በጥፊ መታችው» እያለች ታርመኛለች። ስለ እሷ ቤት ሥራ ሳናነሳ ግማሽ ሰዓት ማውራት የቻልነው በዚህ ነው።

አምና ክረምት ታዲያ ጉድ ሆንኩላችሁ። መብራት ጠፍቶ ድራማው አመለጠን፣ ሲደገምም ጠፋ፣ የስልኬም ባትሪ ሞተ። ጁምዓ ደረሰ። ጎረቤት ቻርጅ ባደረግነው ስልክ እህቴ ደወለች። «እሺ! አገባችው?» እናቴን አየኋት፣ እናቴ አየችኝ። አላየንም ብላት ሌላ የምናወራው ምን አለን? «አላገባችውም!» አልኩ። «እንዴ! ለምን?» ለምን እንደሆነ እኔስ የት አውቄ! «ሠርጉ ቀን አንዲት ሴት መጣች» አልኳት። ሴትየዋን ሦስት ሳምንት አኖርኳት። መጀመሪያ አክስት ነበረች፣ በኋላ ልጅቷ ሕፃን ሳለች ጥላት የሄደች እናቷ ሆና ተገኘች። እናቴ ራሷ ሱስ ያዛትና «ለጁምዓ ምን አሰብሽ?» ትለኝ ጀመር።

በበዓል ማዳሟ ስልኩን ለሁለት ቀን ስትሰጣት ሁሉንም ክፍል ተከታትላ አየችው። ደወለች። «አንቺ ውሸታም! የቱ ላይ ነው ሴትየዋ የመጣችው?!» ብላ በሳቅ ፈነዳች። እኛም ሳቅን። ቀጥላ ዝም አለችና «ግን የአንቺው ይሻል ነበር። በአንቺው እናቷን ታገኛታለች» አለች። እናቴ ጀበናውን ላነሳ ብላ ወጣች፣ ጀበናው ግን እዚያው ፊት ለፊታችን ነበር።

እዚያም እኮ የድራማ ወቅት አለ። ዓረቦቹ ትልልቁን ሙሰልሰል የሚጠብቁት ለረመዳን ነው፤ በመጀመሪያው ሌሊት ይጀምርና ሠላሳ ክፍል ያህል በየቀኑ ይሄዳል። የቤቱ ሰዎች ካፈጠሩ በኋላ ተሰብስበው ያያሉ። እህቴ በዚያ ሰዓት ሳህን ታጥባለች። «እኔ በጆሮዬ ነው ያየሁት» አለችኝ ባለፈው። ዓረብኛውን የለመደችው ከዚያ ነው፣ ከማድ ቤት በር በስተጀርባ። የአንዷን ተዋናይት መልክ እስከ ዛሬ አታውቀውም፤ ድምፅዋን ግን ብትሰማ ከመቶ ሰው ትለያታለች።

ውሉ ሲያልቅ ትመጣለች ብለን ነበር። የቤታችንን ቆርቆሮ ልጨርስ ብላ አደሰችው። አሁን ስንጠይቃት «በቅርብ ቀን» ትለናለች። እናቴ «እንደ ቴሌቪዥኑ» አለች፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

እንግዲህ የዘንድሮው የመስከረም ዝግጅታችን ይህን ይመስላል። እህቴ «እኔን ጥላችሁ እንዳታዩ» ብላ ቃል አስገብታናለች። ስለዚህ አዲሱ ድራማ በተላለፈ ቀን ቴሌቪዥናችን ይጠፋል። ጎረቤት ድምፁን ከፍ ካደረገ እናቴ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ትጠመጥማለች (ባለፈው የበልግ ድራማ ሞክረነዋል። አንዲት ጎረቤታችን ሰኞ ጠዋት ልትተርክ ስትመጣ «ከበር ተመለሺ!» ተብላ ተቀይማናለች)። እኔ በርካሹ የሌሊት ፓኬጅ አወርደዋለሁ። ጁምዓ ከሰዓት እህቴ በአንድ ስልክ መስመር ላይ ሆና፣ እኛ በሌላው፣ እሷ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ስትል እኩል እንከፍታለን። ደግነቱ የጅዳና የሲሬ ሰዓት አንድ ነው። እነሱ ሦስት ሰዓት ከሰዓት የሚሉት የኛ ዘጠኝ ነው እንጂ ፀሐዩ እኩል ነው የሚያዘቀዝቀው። ኔትወርኩ ከተቆራረጠስ? ያን ጊዜ ያየሁትን እጨምርበታለሁ፣ ልምዱ አለኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ እህቴ። ያንቺ ሰው ጅዳ አይደለም፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሪሞቱን አትንጠቂው። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አብሮሽ እንዲያይ ለምኚው። ቡድኑ በሚጫወትበት ቀን አይሁን፣ በተሸነፈበት ማግስትም አይሁን። ቡና አፍዪ። መጀመሪያ ስልኩን ይነካካል፣ አትቆጪው። ትንሽ ቆይቶ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» ይልሻል። ብዙ ሴት እዚህ ላይ ትሳሳታለች፣ «ዝም ብለህ እይ!» ትላለች። አትበይው። ማን እንደሆነ ንገሪው፣ ካላወቅሽም ገምቺለት። እሱም ይገምታል። እንዴት እንደሆነ ደግሞ ጽፈሽ አሳውቂኝ።

እኔ አሁን ዲሽ የሚያዞረውን ልጅ ፍለጋ ልውጣ። የሰሞኑ በረዶ ሳህኑን አጣሞብናል፣ ልጁ «ነገ እመጣለሁ» ካለን ቡሄ አልፎ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ለዚህች ዓምድ የሚከፈለኝም ለእሱ ካልበቃ ጣሪያው ላይ የምወጣው ራሴ ነኝ።

ሳምንት ሰው ይበለን!