መዝገብ ቤት ችሎት አይደለም!



የፍርድ ቤትም ሆነ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራው ግልጽ ነው፤ ማመልከቻ መቀበል፣ ቁጥርና ቀን መስጠት፣ ለተከፈለው ደረሰኝ መቁረጥ፣ ግልባጭ መስጠት። መፍረድ የዳኛ ነው። «ነገ ተመለስ» እያለ ወረቀት የማይቀበል ጸሐፊ ግን ሳይሾም ፈረደ ማለት ነው!

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሰጠው 60 ቀን ነው። ግልባጩ ሲጓተት ቀኑ ይነጉዳል፤ ቤቱን የሚያጣው ባለጉዳዩ እንጂ ጸሐፊው አይደለም። በ2004ቱ አዋጅ ልደት የሚመዘገበውም በ90 ቀን ውስጥ ነው። ሕፃኑ ምን በወጣው?

ስለዚህ ቁጥርና ደረሰኝ ሳትይዙ ከመስኮቱ አትነሱ። ለ«ሻይ» ብላችሁ አምስት ሳንቲም አትስጡ። እምቢ ካለ ለኃላፊው በጽሑፍ አመልክቱ፤ መጻፍ ለሚቸግረው ማኅበሩ ይጽፍለታል።

የማኅበሩ ጸሐፊ