የዐሥር ሳንቲም አደራ

በዕድር ወይም በማኅበር ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ገንዘብ ማዋጣት ቀላል ነው፥ ገንዘብ ያዥ መሆን ግን ከባድ ነው። ያዋጣው ሰው ድርሻውን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ያዡ ግን ገንዘቡ ለታሰበለት ነገር እስኪውል ድረስ እንቅልፍ የለውም። ገንዘቡ የተሰበሰበው ገና ላልተገኘ መድኃኒት በሆነ ጊዜ ደግሞ ጭንቀቱ ይበረታል፤ የሚመረመረው ነገር መልስ ይገኝለት እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና። ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት ጤና የሚደረገው ምርምር ሲነሣ የምንሰማው የሐኪሞቹን ስም ነው። በዚህ ወር ግን ከሐኪሞቹ በስተኋላ ቆመው አንድን የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለ መሩ ሰዎች ለውድ አንባቢዎቻችን ልንናገር አሰብን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ድርጅቱ በአሜሪካ አገር የሚገኘው፥ ማርች ኦፍ ዳይምስ የሚባለው ነው። ዳይም ማለት የአሜሪካ ዐሥር ሳንቲም ነው። ነገሩ የተጀመረው በእናቶችና በአራስ ሕፃናት ሳይሆን በልጅነት ልምሻ፥ ይኸውም በፖሊዮ ነበረ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1921 ዓ.ም. በ39 ዓመታቸው ታመው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ፤ ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላም በጥር 1938 ዓ.ም. በሽታውን የሚዋጋ ብሔራዊ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያው ወር ኤዲ ካንቶር የተባለ ዝነኛ ተዋናይ፥ እያንዳንዱ ሰው ዐሥር ሳንቲም በቀጥታ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት ይላክ ብሎ በራዲዮ ለመነ። ከጥቂት ቀን በኋላ የዋይት ሐውስ የፖስታ ክፍል በደብዳቤ ተጥለቀለቀ፤ በተቈጠረም ጊዜ 2,680,000 ባለ ዐሥር ሳንቲም፥ በዶላር 268,000 ሆኖ ተገኘ።

ይህን አደራ የተቀበሉት ሚስተር ባዚል ኦኮነር ነበሩ። የሩዝቬልት የጥብቅና ሥራ ባልንጀራ እንጂ ሐኪም አልነበሩም። ሐኪም ያልሆነ ሰው ከሁለት ተከራካሪ ሊቃውንት መካከል እውነቱ ከማን ጋር እንደ ሆነ በምን ይለያል? ኦኮነር ያደረጉት እንዲህ ነው። የምርምር ጥያቄዎችን በሊቃውንት ኮሚቴ አስመረመሩ። ገንዘቡንም ለአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዓመት በሚበቃ መጠን ለዩኒቨርሲቲዎች ሰጡ፤ ለመብራቱ፥ ለቤቱና ለጽሕፈቱ የሚወጣውን ወጪ እንኳ ጨምረው ይከፍሉ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የመብራት ዕዳ ያለበት መርማሪ ግን በማይክሮስኮፑ ላይ ሙሉ ልቡን አያሳርፍም። በ1949 ዓ.ም. ኤንደርስ፥ ዌለርና ሮቢንስ በቦስቶን የፖሊዮን ቫይረስ ከነርቭ ውጭ በሆነ ሥጋ ላይ አሳደጉ፤ ክትባቱን ለመሥራት መንገድ የከፈተው ይህ ሥራ የተሠራው በዚሁ የሳንቲም ገንዘብ ነበረ።

በ1950 ዓ.ም. በሽታው የልጆች እናት የነበረችውን የኦኮነርን ልጅ ያዘ። በአባቷ ስም በሚታወቀው በሽታ መያዟን በስልክ ራሷ ነገረቻቸው ይባላል። በ1952 ዓ.ም. በአሜሪካ ወደ 58,000 ሰዎች በፖሊዮ ተያዙ፤ ከ3,000 በላይ ሞቱ። የሊቃውንቱ ኮሚቴ የዶክተር ጆናስ ሶልክን ክትባት በተመለከተ ክርክሩን ሲያራዝም ኦኮነር ሌላ አነስተኛ የአማካሪዎች ጉባኤ አቋቋሙ፤ ሥራውም ተፋጠነ። በ1954 ዓ.ም. 1,800,000 ያህል ልጆች በሙከራው ተካፈሉ። ከዚህም የሚደፍረው፥ የሙከራው ውጤት ሳይታወቅ ድርጅቱ በ9,000,000 ዶላር ክትባት አስቀድሞ አዘዘ። ውጤቱ በሚያዝያ 12 ቀን 1955 ዓ.ም.፥ ሩዝቬልት በሞቱ በዐሥረኛው ዓመት በዕለቱ፥ ክትባቱ የሚጠቅም መሆኑ ተነገረ፤ የአብያተ ክርስቲያናት ደወሎችም ተደወሉ።

ሥራው ስለ ተሳካ ዛሬ ድፍረት እንለዋለን። ባይሳካ ኖሮ ግን የድኻ እናቶችን ሳንቲም የበተነ ሰው ተብሎ ኦኮነር ይወቀስ ነበር። ሐዘንም አልቀረም። ክትባቱ በተፈቀደ በሁለት ሳምንት ውስጥ፥ ከአምራቾቹ አንዱ ያወጣው ክትባት ቫይረሱ በሚገባ ስላልሞተበት፥ ልጆች ሽባ ሆኑ፥ የሞቱም ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት የክትባት ቁጥጥሩን አጠበቀ።

ሌላም ልንሸፍነው የማይገባ ነገር አለ። ሩዝቬልት በጆርጂያ ያቋቋሙት የዎርም ስፕሪንግስ ማገገሚያ ጥቁሮችን አይቀበልም ነበር። ወቀሳው ስለ በረታ ድርጅቱ በአላባማ፥ በተስኪጊ ተቋም ውስጥ ለጥቁር ልጆች የሚሆን የፖሊዮ ሕክምና ቤት እንዲሠራ ገንዘብ ሰጠ፤ በ1941 ዓ.ም. ተከፈተ። ይህ ከምንም ይሻላል፤ በሩን ከመክፈት ግን ያንሳል። ደግሞም የሶልክ ክትባት በተፈተነ ጊዜ ለምርመራው የሚያስፈልጉት ሴሎች የተባዙት በዚያው በተስኪጊ በጥቁር ሊቃውንት እጅ ነበረ። ሴሎቹ የመጡት በ1951 ዓ.ም. በማሕፀን በር ካንሰር በባልቲሞር ከሞቱት ከሄንሪዬታ ላክስ ሥጋ ነው፤ የአምስት ልጆች እናት ነበሩ፤ ፈቃዳቸውንም የጠየቀ ሰው አልነበረም። የልጆችን እግር ያዳነው ሥራ ለእኒህ እናት ያለበትን ዕዳ የድርጅቱ መሪዎች በዘመናቸው አላሰቡትም።

በሽታው እየጠፋ በሄደ ጊዜ ኦኮነር አዲስ ጥያቄ ገጠማቸው። ዕድሩ የተቋቋመበት ነገር ካለቀ ማኅበሩ ይበተን ወይስ ይቀጥል? አንዳንዶች ድርጅቱ ሥራውን ፈጽሟልና ይዘጋ ይሉ ነበር፤ ሐሳባቸውም ቀላል አልነበረም፤ ደመወዙን ለማቆየት ሲል ብቻ የሚኖር ድርጅት ብዙ ነውና። ኦኮነር ግን በ1958 ዓ.ም. ድርጅቱ ከአካል ጉድለት ጋር የሚወለዱ ሕፃናትን ጉዳይ እንዲይዝ አደረጉ። እኛ ትክክል አደረጉ እንላለን፤ ምክንያታችንም በሚቀጥለው ዓመት ያስመጧቸው ሴት ናቸው።

ዶክተር ቨርጂኒያ አፕጋር በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማደንዘዣ ክፍል ኃላፊ ሆነው ዐሥራ አንድ ዓመት ደከሙ። በ1949 ዓ.ም. ክፍሉ ራሱን ችሎ ሲቆም ሹመቱ ለወንድ ተሰጠ፤ እርሳቸው በሕክምና ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነው ፊታቸውን ወደ ማዋለጃው ክፍል መለሱ። በዚያም አንድ ተማሪ፥ የተወለደ ሕፃን ደኅንነት በምን ይታወቃል ብሎ በቁርስ ሰዓት ቢጠይቃቸው፥ ባገኙት ወረቀት ላይ አምስት ነገር ጻፉ ይባላል፤ የልብ አመታት፥ አተነፋፈስ፥ የጡንቻ ጥንካሬ፥ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽና የቆዳ ቀለም። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፥ በጠቅላላው 10 ነጥብ ይሰጣል። በ1953 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ ዛሬ በአገራችን ሆስፒታሎች አዋላጆች በካርድ ላይ የሚጽፉት የአፕጋር ነጥብ ይኸው ነው። (እኒህ የተከበሩ ሐኪም ቫዮሊን መሥራት ይወዱ ነበርና፥ አንድ ሌሊት ከወዳጃቸው ጋር ሆነው ከሆስፒታሉ የስልክ ሣጥን ውስጥ ያማረ የእንጨት መደርደሪያ ነቅለው በምትኩ ሌላ እንደ ገጠሙበት ተጽፏል። ይህን የምንናገረው እንድትከተሉት አይደለም።)

ከ17,000 በላይ ልደቶችን ካዩ በኋላ በ1959 ዓ.ም. ወደ ድርጅቱ ገቡ። በዚያን ዘመን ጉድለት ይዞ የተወለደ ልጅ በየቤቱ ይሸሸግ ነበር፤ በእኛም ዘንድ ቢሆን እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ምን በድላ ይሆን መባሏ አልቀረም። ዶክተር አፕጋር በየከተማው እየዞሩ ነገሩ የእናት ጥፋት ሳይሆን ምክንያቱ የሚመረመር ሕመም መሆኑን አስረዱ። በ1964ና በ1965 ዓ.ም. በአሜሪካ በተነሣው የሩቤላ ወረርሽኝ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕፃናት በማሕፀን ሳሉ ተጎድተው ተወለዱ፤ እርሳቸውም ለክትባቱ አጥብቀው ተከራከሩ። ክትባቱ በ1969 ዓ.ም. ተፈቀደ። ኦኮነር በ1972፥ አፕጋር በ1974 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ከሥራው አልተለዩም።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት መሪዎች የአሜሪካ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት ከተከራከሩት መካከል ነበሩ፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮም ግዴታ ሆነ፤ የኅብለ ሰረሰር ጉድለት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትም ቀነሱ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ወራቸው ሳይሞላ ስለሚወለዱ ሕፃናት ዘመቻ ጀመሩ። ይህኛው እንደ ፖሊዮ አንድ ቫይረስ፥ አንድ መርፌ የለውም። ምጥ ያለ ጊዜው የሚመጣበት ምክንያት ብዙ ነው፥ አብዛኛውም አልታወቀም፤ በአሜሪካ ዛሬም ከዐሥር ሕፃናት አንዱ ያህል ወሩ ሳይሞላ ይወለዳል። የገንዘቡ ያዦች እስከ አሁን መልስ ላልተገኘለት ጥያቄ ገንዘብ እያወጡ ነው።