በፊልም እንግሊዝኛ ሥራ ያጣሁት እኔ ነኝ!

አንዲት የኮሌጅ ተማሪ «በቀን ሁለት ፊልም አያለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ግን ፈቀቅ አላለም። ምን ይሻለኛል?» ስትል ጽፋልኛለች።

እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እኔም በወጣትነቴ ከቪዲዮ ቤት አልጠፋም ነበር። የአክሽን ፊልም ንግግር በቃሌ ይዤ ሰፈር ውስጥ «ፈረንጁ» እባል ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ለእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። አባቴ የሚሆኑ ኃላፊ በእንግሊዝኛ ደህንነቴን ሲጠይቁኝ «ዋትስ አፕ፣ ማን!» አልኳቸዋ! ሰውዬው ዝም ብለው አዩኝና ፋይሌን ዘጉት። ሥራው የሌላ ሰው ሆነ።

ጥፋቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። በአማርኛ ቢሆን ትልቅ ሰው «አቦ፣ እንዴት ነው?» እል ነበር? በፍጹም! እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» አለን። እንግሊዝኛው «ዩ» ብቻ ስለሆነ አክብሮት የማያውቅ ይመስለናል። ያውቃል እንጂ! «ጊቭ ሚ» ማለትና «ኩድ ዩ ፕሊስ» ብሎ መጀመር ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ፊልም ስታዪ ምን እንደተባለ ብቻ ሳይሆን ማን ለማን እንዳለው ልብ በይ። ወንበዴ ለወንበዴ ያለው ለቀጣሪ አይባልም።

ከሥር የሚጻፈውስ? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ በሆላንድ የተደረገ ጥናት አለ። ሆላንዳውያን ተማሪዎች በስኮትላንድና በአውስትራሊያ አነጋገር የተሠሩ የእንግሊዝኛ ፊልምና ድራማ አዩ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበቡ ያዩት ያንን አነጋገር በኋላ ሲሰሙ ይበልጥ ገባቸው። የገዛ ቋንቋቸውን ያነበቡት ግን አዲስ ንግግር ሲሰሙ የባሰ ተቸገሩ። ስለዚህ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ይሁን።

አሁን ወደ ሥራው! የሁለት ሰዓቱን ፊልም ተዪውና አጭር ተከታታይ ድራማ ያዢ። ከ1994 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የታየው «ፍሬንድስ» አንዱ ክፍል 22 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሰዎቹም የሚያወሩት ስለ ቤት፣ ስለ ሥራና ስለ ፍቅር ነው። ሦስት ደቂቃ ብቻ ምረጪ። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ እዪው። ቀጥሎ ከጽሑፉ ጋር። በሦስተኛው እያቆምሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እንደ ተዋናዩ በዪ። በመጨረሻ ዝጊውና የሆነውን በራስሽ አፍ ተርኪው።

ጓደኛ ካለሽ ደግሞ «ሚስተር ቢን»ን ክፈቱ። እሱ እምብዛም አያወራም፤ ስለዚህ አውሪዎቹ እናንተ ናችሁ! አንዷ የሚያደርገውን በእንግሊዝኛ ትናገር፣ ሌላዋ ታርማት።

መቼም ኳስ በማየት ብቻ ተጫዋች የሆነ የለም፤ አፍም እንደዚያው ነው። ከወር በኋላ ውጤቱን ጻፊልኝ። እኔ ያንን ሥራ በአፌ አጣሁት፤ አንቺ በአፍሽ አግኚው! ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።