ከባድ ጊታር፣ ቀላል ነገር

ኤልየን ዌፐንሪ የሚባል የኒው ዚላንድ ሜታል ባንድ በማርች 2025 ሦስተኛ አልበሙን አውጥቷል። ስሙ «ቴ ራ» ነው፤ በማኦሪ ቋንቋ «ፀሐይ» ማለት ነው። ሆሳዕና ተቀምጦ የማኦሪ ሜታል ማድመጥ ምን የሚሉት ነገር ነው የምትሉኝ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡኝ፣ ወደ ቤታችን እመጣለሁ።

ባንዱ ሦስት ሰው ብቻ ነው። ድራሙን ሄንሪ ዴ ዮንግ ይመታል፣ ወንድሙ ሉዊስ ጊታር እየመታ ይዘፍናል፣ ቤዙን ቱራንጋ ሞርጋን-ኤድመንድስ ይዟል። ወንድማማቾቹ ባንዱን የመሠረቱት በ2010 እ.ኤ.አ. ገና ልጆች ሳሉ ነበር። ከዋይፑ ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነስተው ነው ዓለምን የዞሩት። አዲሱን አልበም ጆሽ ዊልበር የተባለ ስመ ጥር የሜታል ፕሮዲውሰር ሠርቶላቸዋል፤ «ታኒፋ» በሚለው ሥራ ላይ የላም ኦፍ ጋዱ ራንዲ ብላይዝ አብሯቸው ይጮኻል።

እውነቱን ለመናገር ለእኔ ጆሮ አልበሙ ከመጠን በላይ ተወልውሏል። በእንግሊዝኛ የሚዘፍኑባቸው ቦታዎች ላይ ከብዙ የአሜሪካ ባንዶች አንዱን የምሰማ ይመስለኛል። ወደ ማኦሪ ሲመለሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ይጠራል፣ ሌሎቹ ባንድ አፍ ይመልሳሉ፣ ድራሙ እግር መሬት ሲደበድብ ይመስላል። የ2018ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው «ቱ» ላይ ያለው «ራውፓቱ» የተሠራው የማኦሪ መሬት ስለተነጠቀበት የ1863 ሕግ ነው። ልጆቹ የሚጮኹት የሚጮኽ ነገር ስላላቸው ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከባድ ጊታር ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ጃኖ ባንድ ነው፤ ይገባዋልም። በ2012 እ.ኤ.አ. «ኤርታሌ» ሲወጣ ጉድ ተብሎ ነበር። ፕሮዲውሰሩ የጂጂን አልበም የሠራው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። አራት ድምፃውያን፣ ሁለቱ ሴቶች፣ ከኋላቸው የሚያገሳ ጊታር። በዚያው ዓመት ከወደ ፈረንሳይ ሊዮን ደግሞ ኡካንዳንዝ የተባለ ቡድን ከአንጋፋው አስናቀ ገብረየስ ጋር «ይቻላል» የሚል አልበም አወጣ። እሱ እንዲያውም ከጃኖ የበለጠ ይከብዳል፤ እዚህ የሰማው ግን ጥቂት ሰው ነው።

«ኤርታሌ»ን ሰሞኑን ደግሜ ሰማሁት። ዛሬም ጉልበት አለው። ግን አንድ ያልተፈታ ጣጣም አለበት። ዲስቶርሽን የሚባለው፣ የጊታሩን ድምፅ አሻክሮ የሚያጎላው ነገር፣ ቦታ ይወስዳል፤ ከአንድ ክር ብዙ ድምፅ አውጥቶ አየሩን ይሞላዋል። በትዝታና በአንቺሆዬ ያደገ ድምፃዊ ደግሞ ውበቱ ያለው ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ፣ አንዷን ፊደል ሲያዞራት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታስቀምጣቸው ወይ ጊታሩ ዝም ይላል፣ ወይ ድምፃዊው ይዋጣል። «ኤርታሌ» አብዛኛውን ጊዜ ጊታሩን ዝም በማሰኘት ነው የተገላገለው። ዘፋኙ ሲጨርስ ጊታሩ ይወጣል፣ ዘፋኙ ሲመጣ ይገባል። ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» ደግሞ ጭራሽ ለስልሶ መጣ። እሳተ ገሞራ በሚል ስም የተጀመረ ነገር ምድጃ ሆኖ ቀረ ብል የሚቀየሙኝ አድናቂዎች አሉ። ይቀየሙ። ጃኖ ድምፁን አግኝቶ ነበር፤ ያጣው ያን ድምፅ የሚመጥን ነገር ነው። ለፍቅር ዘፈን ያን ያህል ጊታር አያስፈልግም።

የእኛ አካባቢ ዜማ ይህ ጣጣ የለበትም። በያሆዴ ሰሞን ሀዲያ ውስጥ፣ በመሳላ ሰሞን ከምባታ ውስጥ የሚዘፈነውን አስታውሱት። አንዱ አጭር ሐረግ ይጥላል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ እጅና እግር ምቱን ይይዛል። አንድ ድምፅ ለብቻው ወጥቶ የሚያሽሞነሙነው ነገር ትንሽ ነው። አጭር፣ በጋራ የሚጮኽ፣ መሬት የሚመታ። ሜታል የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ማኦሪዎቹ ልጆችም ከሰማይ ያወረዱት ነገር የለም፣ ሰፈራቸው ያለውን ነው የወሰዱት።

ታዲያ ከሆሳዕና ለምን አልወጣም? ሙያው ጠፍቶ አይደለም። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ ድራም የት አለ? ቤተ ክርስቲያን። ቤዝ ጊታር፣ ሚክሰር፣ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ሳውንድ ሲስተምስ? እዚያው ቤተ ክርስቲያን። የወንጌል አብያተ ክርስቲያናት ለድሃ ልጅ መሣሪያ በነፃ ያስተማሩ ተቋማት ናቸው፤ ይህን ውለታ የሚክድ ሰው የአካባቢውን ሙዚቃ አያውቅም። እሑድ ጠዋት ጎፈር ሜዳ አካባቢ ስታልፉ የምትሰሙት ድራመር አዲስ አበባ ክለብ ውስጥ ቢቀመጥ አያፍርም። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለው ግን የሰርግ ኪቦርድ ነው። ምቱን ማሽኑ ይመታል፣ ዘፋኙ ላዩ ላይ ይዘፍናል፣ ሙሽራ ይሞገሳል፣ አለቀ። ልጁ ሦስተኛ መንገድ ልሞክር ቢል «ወደ ዓለም ወጣ» ይባላል፣ ከአገልግሎት ሊታገድም ይችላል። እናቱ ታለቅሳለች። ይህን እንደ ቀልድ አላየውም፤ አንድ የ19 ዓመት ልጅ መሣሪያውን፣ ጓደኞቹንና ቤተሰቡን ባንድ ቀን አጥቶ ባንድ እንዲያቋቁም መጠበቅ ግፍ ነው። በሌላ በኩል የባህል ቡድን የሚባለው በበዓል ቀን አልብሶ ያስጨፍራል፣ በማግስቱ ልብሱን ቆልፎ ያስቀምጣል።

የሚጮኽ ነገር ግን ሞልቶናል። የደቡብ አፍሪካ መንገድ ያልነካው ቤት በእነዚህ ከተሞች ስንት ነው? ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፤ የአገር ስም በጂኦግራፊ ትምህርት ሳይሆን በደላላ ስልክ ነው ያጠናነው። በማርች 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ ከአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ሲወጣ በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። ከየት ቀበሌ እንደሆኑ ሳይነገር በፊት እኛ ጋ ስልክ የማይደውል ቤተሰብ አልነበረም። አስከሬን ሳይመጣ ድንኳን ተጥሎ ስንት ቀን ተለቅሷል። ለዚህ መዝሙር አለን፣ መዝሙሩ ያጽናናል። ለመጽናናት ያልደረሰ፣ ገና የተቆጣ ሰው የሚሰማው ግን የለንም። በሰርግ ኪቦርድ ስለ ኮንቴይነር መዝፈን አይቻልም፤ ቢሞከርም ነውር ይመስላል። ዲስቶርሽን የተፈጠረው ለዚህ ነው እላለሁ።

የቆየ ታሪክ የሚፈልግም አይቸገርም። የሀዲያ ገዥ ልጅ የነበረችው እሌኒ ከዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ገብታ፣ በስተርጅና በልብነ ድንግል ልጅነት አገር ይዛ፣ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ እስከ መላክ ደርሳለች። ሌላ አገር ቢሆን በስሟ አንድ ሙሉ አልበም ይወጣ ነበር።

«በሀዲይሳ ወይም በከምባትኛ ቢዘፈን ማን ይሰማዋል?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፤ የሚጠይቁትም አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ሰዎች ናቸው። ማኦሪ መናገር የሚችለው ሰው በቅርቡ የኒው ዚላንድ ቆጠራ 200,000ን ጥቂት ያለፈ ነው። በእኛ የ1999ኙ ቆጠራ ሀዲያ ከ1.2 ሚሊዮን፣ ከምባታ ከ600,000 በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት እንደወለድን እናንተው ገምቱ። ደግሞስ የኤልየን ዌፐንሪ አድማጭ ስንቱ ማኦሪ ያውቃል? እኔም አንዲት ቃል አላውቅም፤ ሄጄ ትርጉሙን የፈለግሁት ጩኸቱ ስለያዘኝ ነው።

ደግሞ ሦስት ሰው ይበቃል። አንድ ድራም፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ። ስቱዲዮ ባይኖር ለመጀመሪያው ሥራ ስልክም ይቀርጻል። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ አንጋጫ ወይም ሆመቾ ጓዳ ውስጥ ተደብቃችሁ የምትሞክሩ ካላችሁ ቅጂውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስም አውጡ ካላላችሁኝ ስማችሁን አላወጣም፤ ድምፁን ግን እዚህ ቻናል ላይ እለቀዋለሁ፣ ደካማ ከሆነም ደካማ ነው ብዬ እጽፋለሁ።