ሽፋን ሲናገር፤ የኤድል ሮድሪገዝ ሥዕሎችና የፖለቲካ ፍርድ

ዴር ሽፒገል የተሰኘው የጀርመን ሳምንታዊ መጽሔት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 መጀመሪያ ያወጣው ሽፋን ብዙ አነጋግሯል። ዶናልድ ትራምፕ በአንድ እጃቸው ደም የነካው ቢላዋ፣ በሌላው የነፃነት ሐውልትን የተቆረጠ ራስ ይዘው ይታያሉ። መነሻው ግልጽ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ጃንዋሪ 27 ቀን የሰባት አገሮች ዜጎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚያግድ ትዕዛዝ ፈርመዋል። ከሰባቱ ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ሶማሊያና ሱዳን ነበሩ።

ሽፋኑን የሣለው ኤድል ሮድሪገዝ ራሱ ስደተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃቫና ተወለደ፤ በ1980 ደግሞ 125 ሺሕ ያህል ኩባውያን ከማሪዬል ወደብ ወደ ፍሎሪዳ በጀልባ ሲሻገሩ ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ወጣ። የካስትሮ መንግሥት አገር ጥለው የሚሄዱትን «ትሎች» ይላቸው ነበር። ሮድሪገዝ በ2023 ላሳተመው ግለ ታሪክ ይህንኑ ስድብ ርዕስ አድርጎታል።

ይህን የሕይወት ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አብዮታዊቷ ኩባ የፖስተር አገር ናት። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ትሪኮንቲኔንታል ከተባለው መጽሔት ጋር እየታጠፉ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች የተላኩት ፖስተሮች በደማቅ ቀለም፣ በጥቂት መስመርና በአንድ ሐሳብ የተሠሩ ነበሩ። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ የተሰቀሉትን የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ምስሎች ያየ ሰው የዚህን ቋንቋ ጉልበት ያውቀዋል። በእኔ እምነት የሮድሪገዝ ትልቁ ሥራ ይህን መሣሪያ መገልበጡ ነው፤ መሪን ለማግዘፍ የዋለውን ቋንቋ መሪን ለመመርመር አዋለው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 በታይም መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣውን ትራምፕ እንመልከት። ዓይንም አፍንጫም የለውም። ብርቱካናማ ፊት፣ ቢጫ ፀጉርና የተከፈተ አፍ ብቻ ነው፤ እሱም እየቀለጠ ይፈሳል። በኦክቶበር የዚያው ሥዕል ተከታይ ሲወጣ ፊቱ ጨርሶ ቀልጦ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ሠዓሊው ሰውየውን በአፉ ብቻ እንድናውቀው አድርጓል።

ሮድሪገዝ ለቲያትርና ለኦፔራ ፖስተሮችም ይሠራል። ብልሃቱ አንድ ነው፤ መንገደኛው ቆም ሳይል በአንድ እይታ የሚይዘው ምስል መፍጠር። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። የቲያትር ፖስተር ይጋብዛል፤ ትርጉሙን ተመልካቹ አዳራሽ ገብቶ ያገኘዋል። የፖለቲካ ሽፋን ግን ፍርዱን ሰጥቶ ይጨርሳል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የዴር ሽፒገሉ ሽፋን አንገት ቀይ አሸባሪዎችን የሚያስታውስ በመሆኑ ጀርመናዊው የአውሮፓ ፓርላማ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ግራፍ ላምብስዶርፍን ጨምሮ ብዙዎች አውግዘውታል። ወቀሳው ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል፤ አንድን የተመረጠ መሪ ከአራጅ ጋር ያመሳሰለ ሥዕል ደጋፊዎቹን ለማሳመን የሚተወው በር የለም።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሽፋን ምን ይለውጣል? የምርጫ ውጤት እንዳልለወጠ አይተናል። ትራምፕ በ2016 አሸነፉ፤ በ2024ም ደገሙት። ሆኖም የሽፋን ዋጋ በድምፅ ቆጠራ የሚለካ አይመስለኝም። ሽፋን ምስክርነት ነው፤ ነገሩ በተፈጸመበት ሳምንት ማን ምን አለ የሚለውን መዝግቦ ያስቀምጣል።

ምስክር ደግሞ ጥበቃ ይሻል። ሥዕሉን ሠዓሊው ቢሠራውም እንዲታተም የሚወስነው ዋና አዘጋጁ ነው። የዴር ሽፒገል ዋና አዘጋጅ የነበሩት ክላውስ ብሪንክባውመር ሽፋኑን በአደባባይ ተከላክለዋል፤ መጽሔቱም በዚህ ሳቢያ አልተዘጋም። ሮድሪገዝ ትቷት በወጣው አገር ቢሆን ኖሮ ሥዕሉን የሚያትምለት ነፃ መጽሔት አያገኝም ነበር።

በአገራችን መጽሔቶች ሽፋን ላይ በብዛት የማየው የባለሥልጣን ፎቶግራፍና ትልልቅ ፊደል ነው። ሠዓሊዎች ስለጠፉ ነው ብዬ አላምንም። የሚጎድለው ሥዕሉን አትሞ፣ ወቀሳው ሲመጣ ከሠዓሊው ጎን የሚቆም አዘጋጅ ነው።